አዋቂዎችና የልጆች መጻሕፍት

ለልጆችና ለወጣቶች ተብለው የተጻፉ መጻሕፍትን አዋቂዎች ለራሳቸው ደስታ ማንበባቸው በሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። በልጆችና በአዋቂዎች መካከል ያለውን ድንበር አልፎ በሁለቱም ወገን የሚነበብ ሥራ ተሻጋሪ ሥነ ጽሑፍ ሊባል ይችላል፤ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ክሮስኦቨር በመባል ይታወቃል። የሉዊስ ካሮል «አሊስ በድንቅ አገር»፣ የአንትዋን ደ ሴንት-ኤግዙፔሪ «ትንሹ ልዑል» እና የጄ. ኬ. ሮውሊንግ «ሃሪ ፖተር» በሰፊው የሚጠቀሱ ምሳሌዎች ናቸው።

ልማዱ ከስሙ ይልቅ ያረጀ ነው። ይሁን እንጂ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመጽሐፍ ገበያን፣ የሽልማት ደንቦችን፣ የጋዜጦችን የሽያጭ ዝርዝር ሳይቀር ስለለወጠ፣ «አዋቂ ሰው ምን ማንበብ ይገባዋል?» የሚል ክርክር አስነስቷል። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ወሰኑ

አንድ አዋቂ የልጆች መጽሐፍ የሚይዝበት ምክንያት ልዩ ልዩ ስለሆነ የሚከተሉትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ወላጅ ወይም አስተማሪ ለልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ነው። እዚህ ላይ አዋቂው አንባቢ፣ ልጁ አድማጭ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው በልጅነቱ የወደደውን መጽሐፍ ካደገ በኋላ መልሶ ሲያነብ ነው። ሦስተኛው፣ አዋቂው ከዚህ በፊት የማያውቀውን ለልጆች የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ ለራሱ ገዝቶ ሲያነብ ነው። ክርክር የሚነሣው በአብዛኛው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

ድንበሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይታለፋል። የዳንኤል ዴፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ» (1719) እና የጆናታን ስዊፍት «የጋሊቨር ጉዞዎች» (1726) ለአዋቂዎች የተጻፉ ነበሩ። ስዊፍት የዘመኑን ፖለቲከኞችና ምሁራን ለመንቀፍ ያዘጋጀው መጽሐፍ፣ አጥሮና በሥዕል ተውቦ የድንክዬዎችና የግዙፎች ተረት ሆኖ ወደ ልጆች እጅ ገባ። በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበርም ለአዋቂዎች ታትመው ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችን የሚስቡ 10 መጻሕፍትን በየዓመቱ የሚመርጥ አሌክስ የተባለ ሽልማት አለ። ሽልማቱ መሰጠት የጀመረው በ1998 ነው።

ታሪክ

የልጆች መጽሐፍ ከመኖሩ በፊት

በአውሮፓ ለልጆች ተብሎ የሚታተም መጽሐፍ እንደ አንድ የንግድ ዘርፍ የቆመው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የለንደኑ አሳታሚ ጆን ኒውበሪ በ1744 ያወጣት ትንሽ የኪስ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ ትጠቀሳለች። ከዚያ በፊት ተረት የዕድሜ ክፍፍል አልነበረውም፤ ትልቁም ትንሹም በአንድ እሳት ዙሪያ ይሰማው ነበር።

ዛሬ የልጆች ንብረት ናቸው የሚባሉት ተረቶችም አጀማመራቸው ሌላ ነው። ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተማቸው፣ ሲንደሬላንና ትንሿን ቀይ ቆብ የያዙት ተረቶች የተወለዱት የፓሪስ መኳንንትና ሴት ደራስያን እየተሰበሰቡ ተረት በሚጨዋወቱበት ዘመን ነበር። ወንድማማቾቹ ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ደግሞ የቋንቋና የባህል ተመራማሪዎች ነበሩ። በ1812 የወጣው የመጀመሪያው ጥራዛቸው የምሁራን ማብራሪያ የታከለበት፣ ሥዕል የሌለው ሥራ ነበር። በ1825 ግን 50 ተረቶችን መርጠው፣ በወንድማቸው በሉድቪግ ኤሚል ሥዕሎች አስጊጠው፣ ለልጆች የሚስማማ ትንሽ እትም አወጡ። ተረቶቹ በሰፊው ወደ ልጆች ክፍል የገቡት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

አንደርሰንና ሐውልቱ

የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን (1805–1875) ይህን ጉዳይ በራሱ ሕይወት አሳይቷል። በ1835 ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ተረቶች በሽፋናቸው ላይ «ለልጆች የተነገሩ» የሚል ቃል ነበራቸው። ከ1843 ጀምሮ በወጡት አዳዲስ ስብስቦች ላይ ግን ይህን ቃል ተወው። ሐሳቡ፣ ታሪኩን ልጆች እንዲከተሉት፣ አጠገባቸው ተቀምጠው የሚሰሙት ወላጆችም የሚያሰላስሉት ነገር እንዲያገኙ ነበር።

በሕይወቱ መጨረሻ ላይ በኮፐንሃገን ሐውልት ሊቆምለት ሲታሰብ፣ ቀራጺው አውጉስት ሳቢ ባቀረበው ንድፍ ላይ ልጆች ደራሲውን ከበውት ይታዩ ነበር። አንደርሰን በዚህ ተቆጣ። የልጆች ብቻ ደራሲ ሆኖ መታየትን አልፈለገም። በመጨረሻ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ የቆመው ሐውልት አንደርሰንን መጽሐፍ ይዞ ብቻውን ተቀምጦ ያሳየዋል። ሐውልቱ የተመረቀው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1880 ነው።

19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ

ሉዊስ ካሮል የብዕር ስም ነው። ትክክለኛ ስሙ ቻርልስ ዶጅሰን ሲሆን በኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1862 በጀልባ ሽርሽር ላይ ለሦስት እኅትማማች ልጃገረዶች የነገረው ታሪክ በ1865 «አሊስ በድንቅ አገር» ሆኖ ታተመ። መጽሐፉ በቃላት ጨዋታና በሎጂክ እንቆቅልሽ የተሞላ በመሆኑ የሒሳብ፣ የፍልስፍናና የቋንቋ ምሁራን እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። አሜሪካዊው ማርቲን ጋርድነር በ1960 በየገጹ ማብራሪያ የጨመረበት እትም አውጥቷል፤ የእትሙ ዋነኛ አንባቢዎች አዋቂዎች ናቸው። ሥነ ሕይወታዊው ሊ ቫን ቫለንም በ1973 ላቀረበው የዝግመተ ለውጥ መላምት ስያሜ የወሰደው ከዚያው ደራሲ ሁለተኛ የአሊስ መጽሐፍ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ባለችው ቀይ ንግሥት አገር ባሉበት ለመቆየት ብቻ መሮጥ ያስፈልጋል።

የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «የሀብት ደሴት» መጀመሪያ በክፍል በክፍል የወጣው በ1881 እና በ1882 በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ ነው። በ1883 በመጽሐፍ ሲታተም አዋቂዎች ተሻሙበት፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግላድስቶን ለማንበብ ሌሊት አምሽተዋል ይባላል። ማርክ ትዌይን በበኩሉ በ1876 ለታተመው «ቶም ሶየር» በጻፈው መቅድም፣ መጽሐፉ በዋናነት ለልጆች ቢሆንም አዋቂዎች እንዳይርቁት ተስፋውን ገልጿል።

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዋ ቤቨርሊ ላዮን ክላርክ በ2003 ባሳተመችው ጥናት እንደምታሳየው፣ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተከበሩ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች የልጆች መጻሕፍትን ከአዋቂዎቹ እኩል ይገመግሙ ነበር። ሥነ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ የሚጠና ሙያ እየሆነ ሲመጣ ግን «ልጅነት ያለበት» የሚለው ቃል የነቀፋ ቃል ሆነ፤ የልጆች መጽሐፍም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ወደ አስተማሪዎች ወረደ። ስለዚህ አዋቂ የልጆች መጽሐፍ ሲያነብ የሚሰማው እፍረት ከጥንት የነበረ ሳይሆን ታሪክ ያመጣው ነው የሚል መደምደሚያ ይሰጣል።

ከሳንሱር መሸሸጊያ

መንግሥት የሚጻፈውን ሁሉ በሚቆጣጠርበት አገር የልጆች መጽሐፍ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። በሩሲያ ዘውዳዊ ዘመን ሚኻይል ሳልቲኮቭ-ሽቸድሪን ባለሥልጣናትን የሚተቹ ተረቶች ሲጽፍ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ልጆች የተጻፉ ናቸው ብሎ ሰየማቸው። አንባቢው ቀልዱን ወዲያው ይረዳ ነበር።

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ደግሞ ለአዋቂ የጻፉት እንዳይታተም የተከለከሉ በርካታ ደራስያን በልጆች መጽሔቶች ላይ በመጻፍ እንጀራቸውን አገኙ። ዳኒል ሃርምስ ከእነዚህ አንዱ ነው። በሕይወት ሳለ ለአዋቂዎች ከጻፋቸው ግጥሞች የታተሙለት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ለልጆች የጻፋቸው ግን በሰፊው ይነበቡ ነበር። ይህም ቢሆን አላዳነውም። በ1931 ታሰረ፤ ከቀረቡበት ክሶች መካከል በልጆች ሥነ ጽሑፍ በኩል ፀረ-ሶቪየት ሥራ ሠርቷል የሚል ነበረበት። ዳግመኛ ታስሮ በ1942 በተከበበችው ሌኒንግራድ እስር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

የኮርኔይ ቹኮቭስኪ «ግዙፉ በረሮ» የተባለ የግጥም ተረትም ተመሳሳይ ዕጣ አለው። በተረቱ ውስጥ አንድ ባለ ጢም በረሮ ዝሆኑንና ጉማሬውን ሳይቀር አስፈራርቶ ይገዛቸዋል፤ በመጨረሻ አንዲት ድንቢጥ መጥታ ለቀም ታደርገዋለች። የታተመው በ1923 ስታሊን ገና ሥልጣን ባልጠቀለለበት ጊዜ ስለነበር ስለ እሱ የተጻፈ አይመስልም። ሆኖም የኋለኛው ዘመን አዋቂ አንባቢዎች ባለ ጢሙን በረሮ ያለ ስታሊን ማየት አቃታቸው። አዋቂ አንባቢ ደራሲው ያላስቀመጠውን ትርጉም ጭምር ይዞ እንደሚመጣ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ትንሹ ልዑል

ፈረንሳዊው የአውሮፕላን አብራሪ አንትዋን ደ ሴንት-ኤግዙፔሪ «ትንሹ ልዑል»ን የጻፈው አገሩ በጀርመን ተይዛ እሱ በአሜሪካ በስደት ላይ ሳለ ነው። መጽሐፉ በኤፕሪል 1943 በኒው ዮርክ ከተማ ታተመ፤ ሥዕሎቹንም የሳለው ራሱ ነው። መታሰቢያነቱን ለወዳጁ ለሌዎን ዌርት ሰጥቶ፣ መጽሐፉን ለአዋቂ ሰው በመስጠቱ ልጆችን ይቅርታ ይጠይቃል። ዌርት አይሁዳዊ ስለነበር በዚያ ሰዓት በፈረንሳይ ተደብቆ ይኖር ነበር። ደራሲው በጁላይ 31 ቀን 1944 ለስለላ በረራ ተነሥቶ አልተመለሰም። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ከማርሴይ ጠረፍ አካባቢ ባሕር ውስጥ መገኘቱ የተረጋገጠው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉ ከ300 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ልጆች ስለ አንድ ሕፃን፣ ስለ ጽጌረዳና ስለ ቀበሮ ያነቡታል፤ አዋቂዎች ደግሞ ስለ ስደት፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ ሞት።

ከሃሪ ፖተር ወዲህ

የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር በጁን 26 ቀን 1997 ታተመ። ብዙም ሳይቆይ አዋቂዎች በባቡርና በአውቶቡስ ውስጥ ሲያነቡት መታየት ጀመሩ። አሳታሚው ብሉምዝበሪ በ1998 ውስጡ አንድ ቃል ሳይቀየር ሽፋኑ ብቻ በጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶግራፍ የተተካ «የአዋቂዎች እትም» አወጣ። ገዢው የሚከፍለው እንግዲህ የልጅ መጽሐፍ እንደያዘ ሳይታወቅበት ለማንበብ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ተከታታይ መጻሕፍቱ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣን የልብ ወለድ የሽያጭ ዝርዝር ከአንድ ዓመት በላይ ከያዙ በኋላ፣ ጋዜጣው አራተኛው መጽሐፍ ሊወጣ ሲል በጁላይ 2000 ለልጆች መጻሕፍት የተለየ ዝርዝር ፈጠረ። አንዳንድ አሳታሚዎች የአዋቂ መጻሕፍት ቦታ አጡ ብለው ሲያማርሩ ስለነበር ደስ አላቸው፤ ሌሎች ደግሞ አሸናፊውን ከሜዳ ማስወጣት ነው ሲሉ ተቃወሙ።

የሽልማት ድንበሮችም ተናዱ። የፊሊፕ ፑልማን «የዕንብር መነጽር» የ2001ን የዊትብሬድ የዓመቱ መጽሐፍ ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፍ ሆነ። በ2003 ያው ሽልማት ለማርክ ሃዶን ልብ ወለድ ተሰጠ። የ15 ዓመት ልጅ በጎረቤት ውሻ መገደል ላይ ምርመራ የሚያደርግበት ይህ መጽሐፍ ገና ከመጀመሪያው በአንድ ጊዜ በሁለት እትም፣ አንዱ ለልጆች አንዱ ለአዋቂዎች፣ የወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ በተለይ በአሜሪካ ትኩረቱ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወደሚጻፈው፣ በእንግሊዝኛ ዮንግ አደልት ወደሚባለው ዘርፍ ዞረ። የስቴፈኒ ማየር «ትዋይላይት» (2005)፣ የሱዛን ኮሊንስ «ሀንገር ጌምስ» (2008) እና የጆን ግሪን በካንሰር ስለታመሙ ሁለት ወጣቶች የሚያወሳ ልብ ወለድ (2012) በአዋቂዎችም እጅ ገቡ። ቦውከር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2012 ይፋ ባደረገው ጥናት ከእነዚህ መጻሕፍት ገዢዎች 55 በመቶው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። ትልቁ ክፍል ከ30 እስከ 44 ዓመት ያለው ሲሆን ብቻውን የሽያጩን 28 በመቶ ይይዝ ነበር። አዋቂ ገዢዎች ከገዟቸው ውስጥ 78 በመቶ የሚሆነውን ለራሳቸው ንባብ እንደገዙ ተናግረዋል፤ ይህም «ለልጆቻቸው ገዝተው ነው» የሚለውን ግምት አፍርሷል።

ሁለት አድማጭ ያለው ጽሑፍ

አንዳንድ የልጆች መጻሕፍት አዋቂን ሲይዙ ሌሎቹ የማይይዙት ለምንድን ነው? አውስትራሊያዊቷ ባርባራ ዎል በ1991 ባሳተመችው ጥናት ተራኪው ማንን እንደሚያናግር በመመልከት ሦስት ዓይነት አነጋገር ለይታለች።

በመጀመሪያው ተራኪው ልጁን ብቻ ያናግራል፤ አዋቂ መኖሩን አያስብም። በሁለተኛው ልጁን እያናገረ ከልጁ ራስ በላይ ለአዋቂው ይጠቅሳል፤ ቀልዱን አዋቂው ብቻ ይረዳል፤ ልጁም አንዳንዴ መሣቂያ ይሆናል። የጄ. ኤም. ባሪ «ፒተር ፓን» እዚህ ላይ ይመደባል። በሦስተኛው ደግሞ ተራኪው ለሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ በእኩል አክብሮት ይናገራል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብድና በጥቂቶች ብቻ የሚገኝ ነው።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ነገር ከሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን አንድ አይደለም። በሰምና ወርቅ ሰሙ መሸፈኛ ነው፤ ዋናው የሚፈለገው ወርቁ ነው፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ ይቀልጣል። በጥሩ የልጆች መጽሐፍ ግን ልጁ የሚያነበው ታሪክ መሸፈኛ አይደለም፤ ለብቻው ሙሉ ነው። የኢ. ቢ. ዋይት «የሻርሎት ድር» (1952) ላይ ልጁ አሳማው ከመታረድ ሲድን ያያል፣ ይደሰታልም። አዋቂው ያንኑ ገጽ ሲያነብ ጓደኛዋን ያዳነችው ሸረሪት ብቻዋን መሞቷን፣ ወቅቱም ማለፉን ያያል። ሁለቱም ያነበቡት ትክክለኛውን ታሪክ ነው።

የማንበብ ምክንያቶች

አዋቂዎች ራሳቸው የሚሰጧቸውና ተመራማሪዎች የሚጠቅሷቸው ምክንያቶች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ታሪኩ ቶሎ ይጀምራል። የልጅ ትዕግሥት አጭር ስለሆነ ደራሲው በመጀመሪያዎቹ ገጾች አንድ ነገር እንዲሆን ማድረግ አለበት። ከሥራ ደክሞ የሚገባ አዋቂም ይህን ይወደዋል።

ትልልቅ ጥያቄዎች ሳይሸፋፈኑ ይነሣሉ። ሞት፣ ፍትሕ፣ ክህደትና ድፍረት በልጆች መጻሕፍት ውስጥ በቀጥታ በስማቸው ይጠራሉ። የካትሪን ፓተርሰን «ወደ ቴራቢትያ የሚያሻግር ድልድይ» (1977) የተጻፈው የደራሲዋ ልጅ ጓደኛውን በመብረቅ አደጋ ካጣ በኋላ ሲሆን፣ ለሐዘንተኛ አዋቂዎችም መጽናኛ ሆኗል።

ድጋሚ ማንበብ የለውጥ መለኪያ ነው። መጽሐፉ አንድ ቃል አልተለወጠም፤ አንባቢው ግን ተለውጧል። በ10 ዓመቱ ከጀግናው ልጅ ጎን የቆመ ሰው በ40 ዓመቱ ከእናትየዋ ጎን ሆኖ ራሱን ያገኘዋል።

አዲስ ቋንቋ መማሪያ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ታሪኩ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ ተማሪው መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ ይጓዛል። የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ከ80 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ስለሚገኙ ለዚህ ያገለግላሉ። አንዳንዴም ነገሩ ለጨዋታ ነው፦ አሌክሳንደር ሌናርድ «ዊኒ ዘ ፑ»ን ወደ ላቲን ሲተረጉመው በ1960 የኒው ዮርክ ታይምስን የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ያንን ላቲን ማንበብ የሚችሉ ሕፃናት ብዙ እንዳልነበሩ ግልጽ ነው።

ክርክሩ

ተቃዋሚዎቹ

አሜሪካዊው ሐያሲ ሃሮልድ ብሉም በ2000 የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ቋንቋ የተለመደና የተደጋገመ ነው፣ ወደ ተሻለ ንባብም አያደርስም ሲል ጻፈ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤ. ኤስ. ባያት በ2003 አዋቂዎቹ የሚፈልጉት የልጅነት ምቾትን ነው፣ መጽሐፉም ምሥጢር ያለበትን እውነተኛ ድንቅ አይሰጥም ስትል ተቸች። ባያት ግን የልጆች መጽሐፍን በሙሉ አልናቀችም፤ እንደ ኧርሱላ ለጊንና ሱዛን ኩፐር ያሉትን ደራስያን አወድሳለች።

ከሁሉ የበለጠ ጭቅጭቅ ያስነሣው ጋዜጠኛዋ ሩት ግራሃም በጁን 2014 ስሌት በተባለው መጽሔት ያወጣችው ጽሑፍ ነው። አዋቂዎች ለታዳጊዎች የተጻፈውን በማንበባቸው ሊያፍሩ ይገባል አለች። ዋና ነጥቧ የነዚህ መጻሕፍት አጨራረስ ነው፦ ወይ ያስለቅሳል ወይ ያስደስታል፤ ጥያቄን ክፍት አድርጎ የመተው፣ የማይወደድ ገጸ ባሕርይን የመታገሥ ልምድ አይሰጥም፤ አዋቂው በዚያ ረክቶ ከቀረ የሚያጣው ነገር አለ የሚል ነው።

ደጋፊዎቹ

መልሱ ከጥያቄው አስቀድሞ ተሰጥቷል ማለት ይቻላል። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1939 በስኮትላንድ በሰጠው ትምህርት፣ ተረትና ልጅ የተቆራኙት በአጋጣሚ ነው አለ፤ ፋሽን ያለፈበት የቤት ዕቃ ወደ ልጆች ክፍል እንደሚገፋ ሁሉ ተረትም አዋቂዎች ሲጥሉት ወደዚያው ተገፋ። ወዳጁ ሲ. ኤስ. ሉዊስም በ1952 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ልጆች ብቻ የሚደሰቱበት የልጆች ታሪክ መጥፎ የልጆች ታሪክ ነው ሲል ተከራከረ። አዋቂ መስሎ ለመታየት መጨነቅ ራሱ የልጅነት ምልክት መሆኑንም አክሏል። በ2019 ደግሞ የልጆች ደራሲዋ ኬትሪን ራንደል በዚሁ ጉዳይ ላይ ትንሽ መጽሐፍ አሳትማ፣ የልጆች መጻሕፍት የአዋቂ መጻሕፍት ምትክ ሳይሆኑ ተጨማሪ ናቸው ብላለች።

ሁለቱን ወገኖች ካነጻጸርናቸው የሚጋጩት እንደሚመስለው አይደለም። ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩት አዋቂው ሌላ ነገር ማንበብ እንዳይተው ነው፤ ደጋፊዎቹም እሱን ብቻ ያንብብ አላሉም።

በወጣት አንባቢዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ

በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ልጁ ራሱ ነው። ገዢው አዋቂ ከሆነ አሳታሚው የሚመርጠው አዋቂ የሚወደውን ነው። ስለዚህ የገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ ወደ 17 እና 18 ከፍ ይላል፣ ፍቅርና ጭካኔ ይበዛል፣ መጽሐፉም ይወፍራል። አንዳንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና አስተማሪዎች የ12፣ የ13 እና የ14 ዓመት አንባቢዎች ከልጆች መደርደሪያ ወጥተው በወጣቶች መደርደሪያም የሚመጥናቸውን እያጡ ነው ሲሉ ስጋታቸውን ያሰማሉ። ችግሩን ለማቃለል ከ18 ዓመት በላይ ላሉት የተለየ ስያሜ ለመፍጠር ተሞክሯል፤ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ በ2009 ኒው አደልት የሚል ስም አስተዋውቋል። ስያሜው ግን አንባቢዎቹን ሙሉ በሙሉ አልለየም።

በሌላ በኩል የአዋቂዎች ገንዘብ ዘርፉን አሳድጎታል። ቀድሞ በጥቂት ቅጂዎች ይታተም የነበረ የልጆች መጽሐፍ ዛሬ ትልቅ በጀት ያገኛል፤ ደራስያንም በሙያው ለመኖር ችለዋል።

በኢትዮጵያ

በአማርኛ «ተረት» የሚለው ቃል ራሱ ለሁለቱም ዕድሜ ያገለግላል። አያት ማታ ለልጅ ልጆቿ «ተረት ተረት» ብላ ስትጀምርና ልጆቹ «የመሠረት» ሲሉ የሚነገረው ተረት ነው። ሽማግሌዎች ዳኝነት ተቀምጠው ነገር የሚያሳጥሩበትም «ተረትና ምሳሌ» ተረት ነው። በአንጻሩ «ይሄማ ተረት ነው» ሲባል ነገሩ የማይታመን ነው ማለት ነው። ክብሩም ንቀቱም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

በጽሑፍ ከሚገኙት መካከል የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ተጠቃሽ ነው። የእንስሳት ምሳሌዎችን በግጥም የያዙት እነዚህ መጻሕፍት በትምህርት ቤት ማንበቢያነት ለብዙ ትውልድ አገልግለዋል። በዚያ ያለፉ ሰዎች ካደጉም በኋላ ስንኞቹን በቃላቸው ይዘው በጨዋታና በምክር መካከል ይጠቅሷቸዋል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በዝነኛ ስማቸው አባባ ተስፋዬ፣ በ2017 ሲያርፉ ያለቀሱላቸው በእሳቸው ተረት ያደጉ አዋቂዎች ጭምር ነበሩ።

ለልጆች የሚሆኑ ባለ ቀለም የአማርኛ መጻሕፍት በብዛት መታተም የጀመሩት ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 «ቂሉ ማሞ» የተባለውን የሕዝብ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ መጽሐፍ አሳትመው፣ በቀጣዩ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አድርገዋል። እንዲህ ያሉ የሁለት ቋንቋ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ውጭ ላሉ ቤተሰቦች ድርብ ጥቅም አላቸው፦ ልጁ አማርኛውን ይማርበታል፣ ወላጁ ደግሞ በልጅነቱ በጆሮ የሰማውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያነበዋል።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት የጎልማሶች ትምህርት ነው። በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አዋቂዎች ቀላል ጽሑፍ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህ ማለት ግን የልጅ መጽሐፍ ያስፈልጋቸው ነበር ማለት አይደለም። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ለአዋቂ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ፊደል ገና የጀመረ ገበሬ ተገድዶ የልጅ መጽሐፍ ሲሰጠው እንደ መናቅ ሊቆጥረው ይችላል፤ ያው መጽሐፍ በራሱ ምርጫ፣ ከልጁ ጋር ሆኖ ሲያነበው ደግሞ ደስታ ይሆናል።